ፈቃዴን ያሳደስኩበት ግንቦት

የሙያ ፈቃዴን መስታወት አልብሼ ከጠረጴዛዬ በላይ ከሰቀልኩት በኋላ ዞር ብዬም አላየሁት። እውነቴን ነው። አልፎ አልፎ አቧራውን የምትጠርግለት የጽዳት ሠራተኛችን ነበረች። የሚያበቃበት ቀን ከታች በደቃቁ ተጽፏል፤ እኔ ግን ከስሜና ከጉርድ ፎቶዬ ወርጄ አንብቤ አላውቅም። ፎቶው ላይ ቀጭን ነበርኩ፣ እሱን ማየቱ ይበቃኝ ነበር።

በግንቦት መጀመሪያ የሆስፒታላችን የሰው ሀብት ሠራተኛ የክፍሌ በር ላይ ቆሞ፣ «ፈቃድሽ ሊያበቃ ሦስት ሳምንት እንደቀረው ታውቂያለሽ?» ሲለኝ ሳቅሁበት። እሱ ግን አልሳቀም። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት፣ በጋዎኔ ጫፍ ጠረግሁት፣ አነበብኩት። ክው አልኩ።

«ካልታደሰስ?» አልኩት።

«ካልታደሰማ ታካሚ መንካት አትችዪም። ክፍሉም ይዘጋል። አንቺን የሚተካ ሰው ከየት እናመጣለን?»

እዚህ ሸዋ ሮቢት ሥራዬን በስሙ የሚጠራልኝ ሰው የለም። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነኝ። ስሙ ረዥም ነው፣ ሥራው ግን ቀላል ነው፤ ሰው ከታመመ ወይም ከተጎዳ በኋላ የዕለት ኑሮውን መልሶ እንዲኖር ማለማመድ ነው። ቁልፍ መቆለፍ፣ ፊት መታጠብ፣ ነጠላ ማጣፋት፣ ሽንኩርት መንቀል። ታካሚዎቼ ሲስተር ይሉኛል። «ሲስተር አይደለሁም» ማለቱ ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ። ገበያ ላይ ደግሞ «ወጌሻዋ» ነኝ። አንድ ቀን እግሯ የተሰበረ ፍየል ተሸክመው መጥተውልኛል፤ ወይ ጉድ! ተቆጥቼ መለስኳቸው፤ ከዚያ ፍየሏ አሳዘነችኝና በር ድረስ ሮጬ ጠራኋቸው። እግሯን በካርቶን አስሬ ሰደድኳት። እንዲህ ነኝ፣ መጀመሪያ ቱግ እላለሁ፣ ማሰቡ በኋላ ነው የሚመጣው። ይሄ አመሌ ለሥራዬ አይበጅም፤ አውቀዋለሁ።

በነጋታው የምስክር ወረቀቶቼን ሁሉ ሰብስቤ ወደ ዞኑ ከተማ ወጣሁ። የቆላችን ሙቀት በግንቦት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል፤ ሌሊቱን ሙሉ ላብ ሲያጠምቀኝ አድሬ በስስ ሸሚዝ ነው የተሳፈርኩት። ደጋው ላይ ወጥተን ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ስንገባ ከብርዱ የተነሳ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ምንም ሳልላቸው የጋቢያቸውን ግማሽ ጣል አደረጉብኝና፣ «የቆላ ልጅ ነሽ መሰለኝ» አሉኝ። እስክንወርድ ድረስ አልወሰዱብኝም።

ፈቃድ የሚያድሰው ሰውዬ ሹራብ የደረበ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ገለጣቸው።

«ይሄ የወባ ስልጠና ነው» አለ። «ይሄ የወሊድ ክትትል። ይሄ ደግሞ...» መነጽሩን ከፍ አደረገ። «የእሳት አደጋ መከላከል?»

«ሁሉም ሰው ሲሄድ ሄድኩ» አልኩት።

«ጥሩ ነው። ለእድሳቱ ግን ከሙያሽ ጋር የሚገናኝ ያስፈልግሻል። ከነዚህ አንዱም አይሆንልሽም።»

ደሜ ፈላ። «የኔን ሙያ ስልጠና ማን ሰጥቶኝ ያውቃል? በዚያ ቆላ ለብቻዬ ነኝ! አጠገቤ የምጠይቀው ሰው እንኳ የለኝም! ምን ላድርግ? እንደ ወባ ትንኝ ክንፍ አውጥቼ ልብረር?» እያልኩ ጮህኩበት። ከኋላዬ የተሰለፉት ቀረብ ብለው አዩኝ። እሱ እስክጨርስ ጠበቀኝ፤ ከጨረስኩ በኋላም ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ ቅጽ አወጣ።

«አንድ መንገድ አለ» አለኝ። «አንድ ታካሚ ምረጪ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የረዳሽውን ጻፊ። ቤቱ ድረስ ሄደሽ እንዴት እንደሚኖር አይተሽ፣ ውጤቱን እዚህ ትሞያለሽ፤ ታካሚውም ይፈርማል። ፈቃድሽ እስከሚያበቃበት ዓርብ ድረስ ካመጣሽልኝ የጎደለሽን ይሞላልሻል።»

«አንድ ታካሚ ብቻ?» አልኩ። ልቤ መለስ አለ። አለኝ እኮ! ገና ከበሩ ሳልወጣ የማንን ታሪክ እንደምጽፍ አውቄ ነበር።

እኒያ ሰውዬ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው የቀወት ገጠር፣ ማሽላና ማሾ የሚዘሩ አዛውንት ገበሬ ናቸው። አባባ ነበር የምላቸው። ዓምና ደም ግፊታቸው ተነስቶ ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ዝሎ ወደኔ ክፍል መጡ። እግራቸው ቶሎ ተሻለው፣ ከዘራ ይዘው መራመድ ቻሉ። ቀኝ እጃቸው ግን እንደ ሙዳይ ክዳን ገጥሞ ተጨብጦ ቀረ። ሚስታቸው ከጠዋት እስከ ማታ አጠገባቸው ሆነው ያጎርሷቸው ነበር። ሴት ልጃቸው ስትመጣ እሷ ታጎርሳለች፤ ጠያቂ ሲመጣ ጠያቂው ያጎርሳል። ጭራሽ ከጎናቸው የተኛው ሕመምተኛ ሁሉ እየተነሳ ያጎርሳቸው ጀመር። እጃቸውን ከጋቢ የሚያወጡበት ምክንያት ጠፋ።

እኔ ነኝ ይህን ያስቆምኩት። «ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳያጎርሳቸው!» ብዬ አዘዝኩ። የማንኪያ እጀታ በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ጠምጥሜ አወፈርኩላቸው፤ በግራ እጃቸው እንዲበሉ አስተማርኳቸው። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሽሮ ሳያንጠባጥቡ በሉ። ከሆስፒታል ሲወጡ በማኅደራቸው ላይ በትልቁ «ግቡ ተሳክቷል» ብዬ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ምን እንደሆነ ሰው ሲጠይቀኝ የማወራው የሳቸውን ማንኪያ ነበር።

በሥራ ብዛት ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ታሪካቸውን በአንድ ከሰዓት ጻፍኩት። ቅጹ ላይ ከብዙ ሣጥኖች መካከል «ራሱን ችሎ ይመገባል» የሚል አለ፤ እዚያ ላይ «አዎ» ብዬ ሞላሁ። ቤታቸውን ገና ሳላየው ነው የሞላሁት። የቀረኝ የጣታቸው አሻራ ብቻ ነበር፤ እሱን ለመቀበል ቅዳሜ ዕለት የአሻራ ቀለም ቆርቆሮ በቦርሳዬ ይዤ በባጃጅ እስከ አስፋልቱ ጫፍ ሄድኩ፣ ከዚያ በእግሬ የሽንኩርቱን መደብ አቋርጬ ገባሁ። ዓርቡ ሊደርስ ስድስት ቀን ቀርቶታል፤ ለአንድ አሻራ ስድስት ቀን ምን ያህል ብዙ ነው!

ምሳ ሰዓት ነበር የደረስኩት። ሚስታቸው፣ እማማ እላቸዋለሁ፣ ከበር ጀምረው እያገላበጡ ሳሙኝ። «እሰይ የኔ ልጅ! አንቺን ያሳየን! ነይ ግቢ፣ ቅረቢ!» እያሉ ከትሪው አጠገብ አስቀመጡኝ። ልጃቸው ውኃ አስታጠበችኝ። ትሪው ላይ የማሾ ክክ ወጥ ነበር። ተቀምጠን የምንበላው ሦስት ሴቶች ነን።

«አባባስ የት ሄዱ?» አልኩ።

እናትና ልጅ ተያዩ። ልጅቱ በአገጯ ወደ መጋረጃው አመለከተች። ከመጋረጃው ጀርባ ቅጭል፣ ቅጭል የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ማንኪያ ነው። ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥኩት።

አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ ሣህን በጉልበታቸው መካከል ይዘው፣ ያችን ላስቲክ የጠመጠምኩላትን ማንኪያ በግራ እጃቸው ይዘው ይበላሉ። አንዲት ጠብታ እንኳ አላፈሰሱም። እኔን ሲያዩ ማንኪያዋን ጋቢያቸው ውስጥ ደበቋት።

«ምነው አባባ፣ ለምን እዚህ ብቻዎን?»

«ታዲያ በግራ እጄ ገበታ ልግባ?» አሉኝ። አልተቆጡም። «ነውር እኮ ነው ልጄ።»

እኔስ የዚሁ አገር ልጅ አይደለሁም? በግራ እጅ ትሪ ላይ እንደማይገባ እናቴ እጄን እየመታች አይደለም ያስተማረችኝ? ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ጋዎን ስለብስ ረስቼው ነበር። ማንኪያው ሲሠራልኝ ሰውዬው ማዕድ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

እንደ አመሌ ግን መጀመሪያ በሌላ ሰው ላይ ነው የጮህኩት። ወደ ሴቶቹ ዞሬ፣ «እንዴት ከቤተሰብ ለይታችሁ ታስቀምጧቸዋላችሁ? አታፍሩም?» አልኳቸው።

እማማ እጃቸውን ከትሪው አነሱ። «አታጉርሱት ያልሽን አንቺ ነሽ» አሉኝ በለሆሳስ። «እኛማ ያልሽውን ነው ያደረግነው። ስንት ቀን ጉርሻ አንስቼ እጄን እንደመለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ከዚያ እንግዳ መጣ፤ በግራ እጁ ሲበላ አየው። እንግዳው ምንም አላለም። እሱ ግን በማግስቱ ሣህኑን ይዞ ከመጋረጃው ኋላ ገባ። ዓመት ሊሞላው ነው።»

ቁጭ አልኩ።

«እሳቸው ከመጋረጃ ኋላ ከገቡ ወዲህ እማማም ከኛ ጋር ሆና ጠግባ በልታ አታውቅም» አለች ልጅቱ። እማማ ዝም እንድትል በዓይናቸው ቢጠቅሷትም ቀጠለች። «ከተጋቡ ጀምሮ የመጀመሪያዋ ጉርሻ የሷ ነበረች። ባርከው፣ ቆርሰው፣ መጀመሪያ እሷን ያጎርሳሉ፤ ከዚያ ነው እኛ እጃችንን የምንሰደው። ተጣልተው እንኳ፣ ሳይነጋገሩ ያጎርሷት ነበር።»

አባባ ሳቅ አሉ። «ያኔማ ጉርሻውን ከፍ ነበር የማደርግላት። መልስ እንዳትሰጠኝ።»

እማማም እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። አባባን፣ «በማንኪያው ደስ ብሎዎት ነበር'ኮ» አልኳቸው። ልመና ይመስል ነበር አነጋገሬ።

«አንቺ ደስ ሲልሽ አይቼ ነው» አሉ። «ራሴን ማብላቱ ምን ያደርግልኛል ልጄ? ሕፃንም ራሱን ያበላል። እኔ ሰው ማጉረስ ነው ያቃተኝ።»

ለምን እንደመጣሁ ነገርኳቸው። ፈቃዴ ዓርብ እንደሚያበቃ፣ ወረቀቱ ላይ ተሳክቷል ብዬ እንደጻፍኩ፣ አሻራቸውን ብቻ እንደምፈልግ። ድንጋጤያቸውን አልደበቁኝም። «አምጪው! አሁኑኑ ልፈርም! እንጀራሽ አይደል እንዴ? በኔ የተነሳ ክፉ ነገር አይንካሽ» ብለው የግራ አውራ ጣታቸውን ዘረጉልኝ።

እውነቱን ልናገር፤ የቀለሙን ክዳን ከፍቻለሁ። ማንም አያውቅም ነበር። ደግሞስ ውሸት ነው ወይ? ራሳቸውን ችለው ይመገባሉ፤ በዓይኔ አየሁ። ሣጥኑ ከማን ጋር፣ የት፣ ወደ የት ዞረው እያለ አይጠይቅም። ወረቀቱን አስጠግቼላቸው አባባ ወደፊት ዘንበል ሲሉ ጋቢያቸው ሸርተት አለ፤ ጋቢው እንዳይወድቅ ቀኝ እጃቸው ጫፉን ጨበጠው። ተጨብጦ ቀረ ያልኩት ቀኝ እጅ!

«ቆዩ! ይሄን እጅ ከመቼ ወዲህ ነው የሚያንቀሳቅሱት?»

«ይሄን? ቆየ እኮ። ወፍ ማሽላው ላይ ሲያርፍ ስናደድ ይነሳል። ጥቅም የለውም፣ ይንቀጠቀጣል።»

ክዳኑን መልሼ ዘጋሁት። በግራ እጅ ቶሎ ውጤት ስላገኘሁ ቀኙን ትቼው ነበር፤ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላም ተመልሼ አላየሁትም። ያን ቀን መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነበር፣ ግን የምጮህበት ሰው አልነበረም። የጻፍኩትን ወረቀት ገልብጬ በጀርባው ሌላ ግብ ጻፍኩ፤ «ባለቤታቸውን ያጎርሳሉ»። አባባ ምን እንደጻፍኩ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩላቸው። ወደ እማማ አዩና፣ «እስከ ዓርብ?» አሉኝ።

«እስከ ሐሙስ» አልኳቸው። «ዓርብ ይዤው እወጣለሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ፣ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ እነሱ ነበር የምሄደው። ማሾ በሰፌድ አቅርበን በቀኝ ጣታቸው አንድ አንድ ፍሬ ለዶሮ ያነሳሉ። እርጥብ ጨርቅ ይጨምቃሉ። ክንዳቸው ሲነሳ እንዳይወድቅ የግራ እጃቸውን ከክርናቸው ሥር እንዲያደርጉ አሳየኋቸው፤ እንዲህ ሲሆን ግራው ከትሪው በታች ስለሚቀር ነውር አይሆንም። እንጀራ ቆርሶ መጠቅለሉን በሁለተኛው ቀን ቻሉት። የቸገረው ማንሳቱ ነበር። እጃቸው መንገድ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያፈሳል።

ከሁሉም በላይ ያስቸገሩኝ ግን እማማ ናቸው። ባላቸው እጃቸውን ገና ከትሪው ሲያነሱ፣ እሳቸው አንገታቸውን አስግገው፣ ጎንበስ ብለው፣ ትሪው ድረስ ወርደው ጉርሻውን ይቀበላሉ!

«እማማ! ጎንበስ አይበሉ! እርስዎ ወደሳቸው ከሄዱ እጃቸው መቼ ይመጣል? ቀጥ ይበሉ!»

«እንዴት ዝም ብዬ ልየው? ሲለፋ!»

«ይልፉ! ልፋቱ ነው መድኃኒቱ!»

«ልብ የላትም ይቺ ልጅ» ይሉ ነበር ለልጃቸው። እንደገና አባባ እጃቸውን ሲያነሱ፣ እንደገና አንገታቸው ሳያውቁት ይወርዳል። ፍቅር ነው፤ ምን ይባላል? ቁጣዬ ወደ ሳቅ ይለወጥብኝ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት አባባ ተናደዱ። ጉርሻው ለሦስተኛ ጊዜ ጭናቸው ላይ ሲፈርስ የቀረውን ግድግዳው ላይ ወረወሩት። «ተዪኝ! ሰው መሳቂያ አታድርጊኝ!» አሉኝ። እኔም አልቻልኩም፤ «ወረወሩት እኮ! በየትኛው እጅዎ ነው የወረወሩት?» ብዬ ጮህኩ። ቀኝ እጃቸውን አዩት። እማማ ከግድግዳው ላይ ወጡን እየጠረጉ፣ «ይኸው፣ ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ናችሁ» አሉ። ያን ዕለት ግን ስመለስ መንገዱን ሙሉ ልቤ ከበደኝ። እኒህን ሽማግሌ የማቻኩላቸው ለሳቸው ብዬ ነው ወይስ ለፈቃዴ ማህተም? ሽንኩርቱ መደብ ላይ ቆሜ ራሴን ጠየቅሁ፤ ደስ የሚል መልስ አላገኘሁም። ባይሳካ «አልተሳካም» ብዬ እንደምጽፍ ግን እዚያው ወሰንኩ። መወሰኑ ቀላል አልነበረም፤ ክፍሌ ተዘግቶ፣ ወረፋ የያዙት ሰዎች በር ላይ ቆመው እየታየኝ ነው።

ሐሙስ ለግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቄ በምሳ ሰዓት ደረስኩ። ሽሮ ነበር። ልጅቱ ማስታጠቢያውን ይዛ መጀመሪያ ወደ አባቷ ሄደች፤ እንደ ድሮው። አባባ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ውኃው ሲወርድበት ጣቶቻቸው ቀስ እያሉ ተከፈቱ። ከመጋረጃው ኋላ የነበረው ሰማያዊ ሣህን የትም አይታይም። ማዕዱን ባረኩ።

ከዚያ ቆረሱ። ለመቁረስ ብቻ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ማንም እጁን ወደ ትሪው አልሰደደም። ሽሮውን አጠቀሱ፣ ጠቀለሉት፣ ግራ እጃቸውን ከክርናቸው ሥር አደረጉና አነሱት።

እማማ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ። እጁ መጣ፣ መጣ፣ ከአፋቸው አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሽሮው ጠብ፣ ጠብ ይላል። አንድ ስንዝር ብቻ ነው! ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ነገ ዓርብ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ጎንበስ አይበሉ እያልኩ የጮህኩት እኔ፣ «ኧረ እማማ ጎንበስ ይበሉላቸው! ማን ያያችኋል!» ልል አፌ ላይ ደረሰ። ከንፈሬን ነከስኩ።

እማማ አልጎነበሱም። እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል፣ አንገታቸው ግን ንቅንቅ አላለም። አባባ እጃቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አሳረፉት፤ ጉርሻውን አልለቀቁትም። እማማ አፋቸውን ሳይዘጉ ጠበቁ። አባባ ተንፈስ አሉና እንደገና አነሱት፤ ስንዝሩ ላይ ደረሰ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አለፈው። ግማሹ አፍ ገባ፣ ግማሹ አገጫቸው ላይ ቀረ።

እማማ ረዥም ጊዜ አኘኩ። ዋጡ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ጨው አብዝተሽበታል» አሉ።

አባባ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ከዚያ ሁላችንም እጃችንን ሰደድን። አባባ ለራሳቸው አምስት ስድስት ጊዜ ሞክረው አብዛኛውን አፈሰሱት፤ ግን ከትሪው አልተነሱም። ልጅቱ አንድ ሁለቴ አጎረሰቻቸው፤ ዝም አልኳት።

ቅጹን እዚያው ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ የቀድሞውን ሰርዤ እንደ አዲስ ሞላሁት። ማንኪያውን፣ መጋረጃውን፣ እማማ እየጎነበሱ እንዳስቸገሩኝ፣ ስህተቴንም ሳልቀንስ ጻፍኩ። «ራሱን ችሎ ይመገባል» በሚለው ሣጥን «ገና» አልኩ። ሰው ማጉረስ የሚል ሣጥን ስለሌለው ከዳር በእጄ መስመር አስምሬ፣ «ባለቤታቸውን አጎረሱ» ብዬ ጨመርኩ። አባባ የታጠበ ቀኝ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው እታች አተሙ። አሻራው ከመንቀጥቀጡ የተነሳ ሁለት ሆኖ ወጣ።

ዓርብ ጠዋት በዚያው ዋሻ አለፍኩ። በዚህኛው ጊዜ ሹራብ ይዤ ነበር። ሰውዬው ቅጹን ተቀብሎኝ ማንበብ ጀመረ፤ እኔ ቆሜ ፊቱን አያለሁ። «ገና» የሚለው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ዳሩ ጽሑፍ ሄደ። አነበበ፤ ተመልሶ አነበበ። ከኋላዬ ያሉት ሰዎች ማጉረምረም ጀምረዋል። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ሴትዮዋ ጎንበስ አላሉላቸውም?» አለኝ።

«አላሉም» አልኩት። «ጠበቁ።»

ማህተሙን አነሳ።